ፖሊሽ ከመደረጉ በፊት

በቤት ውስጥ ሊሠሩ ስለሚችሉ ሙያዎች በምንነጋገርበት በዚህ ገጽ ዛሬ ከማድቤቱና ከልብስ ስፌቱ ወጣ ብለን በግቢያችን ወይም በበራችን ላይ ወደሚቆመው መኪና እንሄዳለን። ርእሳችን ፖሊሽ ይመስላል፤ የምንነጋገረው ግን የፖሊሹ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት መሠራት ስላለበት ሥራ ነው። «ፖሊሽ አስደርጌ መኪናዬ ይብሱኑ ተበላሸ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጭረት ይታይበታል» የሚል ቅሬታ በየሰፈሩ ይሰማል። ባለ ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊሹን ወይም ፖሊሽ አድራጊውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በእጥበቱ ላይ ነው።

መኪና በአገራችን ለአብዛኛው ቤተሰብ ጌጥ አይደለም። የስንት ዓመት ቁጠባ፣ ምናልባትም በዐረብ አገር ለፍታ የምትሠራ እህት የላከችው ገንዘብ ያለበት ሀብት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋ ወደ ላይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግለን ዘንድ የምንጠብቀው ነውና ቀለሙም አብሮት ሊቆይ ይገባል። ቀለም ሲሄድ ቆርቆሮው ይከተላል።

በመጀመሪያ ይህ ቀለም የምንለው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ በቆርቆሮው ላይ የዝገት መከላከያ፣ በእርሱ ላይ መሠረት ቀለም፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይነባበራሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይደርሳል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ መኪናችንን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጋርደው ሽፋን ከአንዲት ፀጉር የሳሳ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ደግሞ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ጣራና ኮፈን ከሌላው አካል አስቀድመው የሚነጡትም ለዚህ ነው።

ፖሊሽ የሚሠራው እንግዲህ በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ብዙ ሰው ፖሊሽ ቀለሙን የሚመግበው፣ አንድ ነገር የሚጨምርለት ይመስለዋል። የሚጨምረው ሰም (ዋክስ) ነው፤ ፖሊሽ ግን በውስጡ ባሉት እጅግ ደቃቅ ፈጪ ቅንጣቶች ከክሊሩ ላይ እየላገ ጭረቱን ከዙሪያው ጋር ያስተካክላል። የተላገው ክሊር ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በመኪናው ዕድሜ ውስጥ ፖሊሽ የሚደረገው የተቆጠረ ጊዜ ብቻ ነው። ቆሻሻው በደንብ ሳይወጣ ፖሊሽ የተደረገ እንደሆነ ደግሞ ፈጪው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ፋብሪካው ያዘጋጀው ልስልስ ቅንጣት፣ ሌላው የመንገዱ አሸዋ። ማሽኑ ሁለቱንም እኩል ያሽከረክራቸዋል።

ወደ እጥበቱ እንመለስ። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መውጣት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። በበጋ በከተማችን መንገዶች ላይ የሚነሣው አቧራ ግን ዱቄት አይደለም፤ ከክሊሩ ይልቅ የጠነከሩ የአሸዋ ቅንጣቶች አሉበት፤ ግንባታ ባለበት ሰፈር ደግሞ ሲሚንቶ ይጨመርበታል። በደረቁ መጥረግ ማለት በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማሸት ማለት ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአፍዴራን አካባቢ በዐመድ ሲያለብስ እንዳየነው ያለ አጋጣሚ ቢመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የእሳተ ገሞራ ዐመድ ከእንጨት ዐመድ ጋር ስሙ እንጂ ጠባዩ አይገናኝም፤ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። እንዲህ ያለውን በብዙ ውሃ አጥቦ ከማውረድ በቀር እጅ ሊነካው አይገባም።

ለእጥበቱ ጥሩው ሰዓት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ከዐስር በኋላ ነው። ቆርቆሮው በእጅ ጀርባ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቅና ነጠብጣብ ይሆናል። በቅድሚያ ጎማዎቹና ቸርኬዎቹ በራሳቸው ባልዲና በራሳቸው ጨርቅ ይታጠባሉ። ይህ ጨርቅ በምንም ምክንያት ወደ ቀለሙ መውጣት የለበትም። ከዚያ መላው መኪና ከላይ ወደ ታች በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ እጅ ሳይነካው የሚወርደው ቆሻሻ በሙሉ ይውረድ።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ይቀርባል። በአንደኛው ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፖ፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሆናል። ለስላሳው ስፖንጅ ወይም ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከሳሙናው ተነክሮ አንድ ገጽ ከታጠበ በኋላ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውሃ ውስጥ ይታሻል፤ አሸዋው እዚያ ይቀራል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ሆኖም የሸረሪት ድር የሚመስለውን ጭረት ከሚከላከሉ ዘዴዎች ሁሉ የሚበልጥ አላየሁም። ከጣራ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ የበሮቹ ታችና ፓራውልቱ ለመጨረሻ ይቆያሉ፤ የሚታሸውም ክብ ክብ እየሠሩ ሳይሆን በቀጥታ መስመር ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለልብስ ነው፤ ለቀለም ይበረታል፤ ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣቱም ይጭራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሮጌውን ሰም ስለሚያነሣ ከፖሊሽ በፊት አንድ ጊዜ ቢጠቀሙበት አይከፋም፤ በየሳምንቱ ግን ቀለሙን ያለ ጋሻ ያስቀራል። አንዳንዶች «ያበራል» ብለው ናፍጣ በውሃው ላይ ጠብ ያደርጉበታል። የሚያበራው ዘይቱ ነው፤ ጭረቱን ለአንድ ቀን ሸፍኖ በማግሥቱ የሰፈሩን አቧራ በሙሉ ይሰበስባል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ እጥበት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። አሳቡ ትክክል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ይኸውም በሊትር ሦስት ሩብ ገደማ በሆነ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበረ በሐዲስ ተዘግቦ ሳለ ጎማ ከፍቶ ውሃን መንገድ ላይ መልቀቅ ለእኛ ጌጥ አይሆንም። ደግነቱ ሁለት ባልዲው የሚቆጥብ ዘዴ ነው፤ የቤት መኪና በሁለት ባልዲና ለማለቅለቂያ በሚሆን በሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን ውሃ በደንብ ይታጠባል። ወንዝ ዳር ወስዶ ማጠብ ግን መቅረት አለበት፤ ከዚህ በታች የምናነሣቸው ኬሚካሎች ወደ ወንዝ ሲገቡ ከታች ያለውን ከብትና አትክልት ይጎዳሉ።

በመንገድ ዳር መኪና የሚያጥቡ ወጣት ወንድሞቻችን በአንድ ባልዲ ውሃ ብዙ መኪና ያጥባሉ። ሊወቀሱ አይገባም፤ ውሃውን ገዝተው ነው የሚያመጡት። ንጹሕ ጨርቅና ሁለተኛ ባልዲ ይዞ ሄዶ፣ ከተለመደው ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሮ፣ እንዴት እንዲታጠብ እንደሚፈልጉ በትሕትና መንገር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ወጣቱም ሙያ ይዞ ይቀራል።

መኪናው ታጥቦ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እጅን በስስ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ የጣት ጫፍን በኮፈኑና በጣራው ላይ በቀስታ ማንሸራተት ነው። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ገጽ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ምጣድ ሻካራ ሆኖ ይሰማል። ይህ ሻካራነት በሳሙና የማይለቅ፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረ ነገር ነው፤ ከፍሬን የሚረግፍ የብረት ብናኝ፣ ከአዲስ መንገድ የተረጨ ሬንጅ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ከጎረቤት በር ብየዳና ቀለም ርጭት በነፋስ የመጣ ጠብታ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መድኃኒት አለው።

ሬንጁ በሬንጅ ማስለቀቂያ፣ እርሱ ከታጣ ጥቂት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ለስለስ እስኪል ተይዞ ይጠረጋል፤ ወዲያው ቦታው በሳሙና ይታጠባል። ቲነር ፈጽሞ መቅረብ የለበትም። በተለይ ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ ገጽ ቲነር ሲነካው ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ሊመጣ ይችላል። የወፍ ኩስ አሲድነት ስላለው በተገኘበት ሰዓት በውሃ አርሶ ማንሣት ነው፤ እስከ ቅዳሜ ሊቆይ አይገባውም። ውሃ ደርቆበት የቀረ ነጭ የኖራ ክብ ደግሞ በእኩል ውሃ በተቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ በአጭር ጊዜ ተነክቶ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል።

የብረት ብናኙን ለማውጣት ቀለሙ ላይ የሚረጭ ልዩ ፈሳሽ አለ። ብረት ሲያገኝ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣልና ነጭ መኪና ላይ ሲንጠባጠብ ልጆች ደም የፈሰሰ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ሽታው ይከረፋል። ጓንት ማድረግ፣ በጥላ ሥር መሥራት፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ አጥቦ ማውረድ የግድ ነው፤ ልጆቹም በዚህ ሰዓት ራቅ ይበሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረውን የሚያነሣው ክሌይ የሚባለው እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የመኪና ጭቃ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የተፈጠረ ነገር ሲሆን ዛሬ በአዲስ አበባ የመኪና ዕቃ መሸጫዎችም ይገኛል። በመዳፍ ላይ ለጠፍ ተደርጎ፣ ገጹ በሻምፖ ውሃ በደንብ ረጥቦ፣ ያለ ምንም ኃይል ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መጀመሪያ እየያዘ ይሄዳል፤ ቆሻሻው ሲለቅ እንደ በረዶ መንሸራተት ይጀምራል። በየጊዜው እያጠፉ ንጹሑን ገጽ ማውጣት ነው። መሬት ላይ የወደቀ እንደሆነ ይጣላል። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳል፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ታጥቦ ይመለሳል ይላል። ጭቃው የዋጠው አሸዋ በውሃ አይወጣም፤ የጭቃው ዋጋ ደግሞ ከአንድ ኮፈን ቀለም ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ክሌይ በራሱም ቢሆን ስስ ጭረት ይተዋልና ፖሊሽ ለማይደረግ መኪና ያለ ምክንያት አይደረግም።

አሁን መኪናው ራቁቱን ነው። ሰሙ፣ ዘይቱ፣ አቧራው ሁሉ ሄዶ እውነተኛ ገጽታው የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። ከመግሪብ በኋላ በጨለማ ውስጥ የስልክ ባትሪ በጎን በኩል እያበሩ እያንዳንዱን ገጽ መመልከት ይገባል። በቀን ያልታየ ጭረት ሁሉ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ደንግጦ «እጥበቱ አበላሸው» ይላል። እጥበቱ ያደረገው ቢኖር መጋረጃውን መግለጥ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ከሙያው ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይሆንብናል። በገበያው ላይ ጭረትን የማይልጉ፣ በዘይትና በሰም ሞልተው ብቻ የሚሸፍኑ ፖሊሾች አሉ። ከጥቂት እጥበት በኋላ ይለቁና ጭረቱ ባለበት ይገኛል። ለራሱ መኪና ለዒድ ቀን እንዲያምርለት ይህንን የሚቀባ ሰው ማንንም አላታለለም። መኪናው ለገበያ በሚወጣበት ዋዜማ፣ ለገዢው ሳይነገር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላይ ደረቅ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ስለተገኘው የእህል ክምር የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነው። ነጋዴው ግመሏን ወይም በጓን ለቀናት ሳያልብ ያቆያትና ጡቷ ተወጥሮ ለገበያ ያቀርባታል። ገዢው ሁልጊዜ እንዲህ የምትታለብ መስሎት ይገዛታል፤ ቤቱ ወስዶ ሲያልባት እውነቱ ይገለጥለታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንን መከልከላቸውን፣ ገዢውም ካለባት በኋላ ሊያስቀራት ወይም ከአንድ ሷዕ ቴምር ጋር ሊመልሳት ምርጫ እንዳለው መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዝርዝር ብይኑን ለዑለሞቻችን እንተዋለን። ከሁለት እጥበት በኋላ የሚገለጥ ጭረትና ከሁለት እልበት በኋላ የሚጎድል ወተት ግን ለእኔ አንድ ናቸው፤ ደላላው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ማለቱ ምንም አይለውጠውም።

ገዢ የሆነውም አንባቢያችን ይጠንቀቅ። በዝናብ ውስጥ ወይም ገና ከላቫጆ ውሃ እየተንጠባጠበ የመጣን መኪና አይቶ መዋዋል አይገባም፤ ውሃ ጭረትን ይሞላልና እንደ ፖሊሹ ይሸፍናል። የቀለም ውፍረት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ቢገኝ መልካም ነው። አንዱ በር 120 ማይክሮን ሲያሳይ ሌላው 300 ካሳየ ያ በር እንደገና ተቀብቷል፤ ከዚያም በብዙ ከላቀ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። እንደገና መቀባቱ ብቻውን ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው።

ይኸው ልኬት ፖሊሽ ለሚያደርገውም ያገለግላል። ውፍረቱ ከ80 ማይክሮን በታች የወረደ ገጽ ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ የተላገ ሊሆን ስለሚችል ኃይለኛ ኮምፓውንድ ሊነካው አይገባም። መሣሪያው በሌለበት ጥፍርን በጭረቱ ላይ አቋርጦ ማንሸራተት ነው። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ጭረቱ ጥልቅ ስለሆነ እርሱን አጠፋለሁ ብሎ ክሊሩን መጨረስ ሞኝነት ነው፤ ጠርዙ እንዲለሰልስ አድርጎ መተው ይሻላል። ክሊሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ የጀመረበት ጣራ ወይም ኮፈን ደግሞ በየትኛውም ፖሊሽ አይድንም። የሚያስፈልገው ቀለም ቀቢ ነው። ይህንን እያወቀ የፖሊሽ ዋጋ የሚቀበል ጋራዥ ያልሠራበትን ገንዘብ ተቀበለ ማለት ነው።

ክሊር የሌላቸው የቆዩ መኪናዎችም በመንገዶቻችን ላይ ገና ብዙ ናቸው። እነዚህን ለመለየት በማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከበሩ ታች፣ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ ማሸት ነው። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ የሚላገው ቀለሙ ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ በማሽን ከመሥራት በእጅ፣ በጥቂቱና በትዕግሥት መሥራትን እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ዝግጅት የወረቀት ፕላስተር ነው። የበሩ ጎሚኒዎች፣ ጥቁር ፕላስቲኮች፣ ስፖኪዮው ሥርና የታርጋው ዙሪያ ይሸፈናሉ፤ ፖሊሽ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ከደረቀ ማስለቀቁ አድካሚ ነው። በቆርቆሮው ሹል ጠርዞች ላይም ፕላስተር ይለጠፋል፤ እዚያ ላይ ቀለሙ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል፤ የማሽኑ ግፊት ደግሞ እዚያ ይበረታል። ከዚያ ገጹ በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ ዘይት እንዳልቀረ ይረጋገጣል። አልኮል የሚለው ስም የሚያስጨንቀው አንባቢ ካለ፣ ይህ በሐኪም ቤት ለማጽጃ የሚያገለግልና ቢጠጣ የሚመርዝ ኬሚካል እንጂ መጠጥ አለመሆኑን ይወቅ። ልቡ ካልረጋ ዑለሞችን ይጠይቅ፤ እስከዚያው በሻምፖ ውሃ ደግሞ ማጠብም ይበቃዋል።

መላውን መኪና ከመጀመር በፊት በኮፈኑ ላይ ሁለት መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ፣ በእጅ ካለው ፖሊሽ እጅግ በለዘበው ተሞክሮ በብርሃን ይታያል። በዚያች ትንሽ ቦታ ጭረቱ ከጠፋ ወደ ኃይለኛው መሄድ አያስፈልግም። ስለ ማሽኑ ፍጥነት፣ ስለ ስፖንጆቹ ዓይነትና ስለ ሰሙ በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።